የዘንባባ ቅጠሉ መጽሐፍ የጠፋ ሰሞን

ጥቅምት 3፣ ቅዳሜ

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሰዓቱን ጠብቆ መጣ። የቤተ መጻሕፍታችን ጣራ ሦስት ቦታ ያፈሳል፤ ባልዲያችንም ሦስት ነው። አራተኛ ቀዳዳ ሲመጣ ያኔ እናስብበታለን።

አንባቢ፦ አሥራ አንድ። ሰባቱ ለጋዜጣ፣ አንዱ ለእንቅልፍ።

ራገቫን ማሽ ዛሬም አልመጡም። ይኸው ስድስት ቀን። ማስተማር ከተዉ ሃያ ዓመት ቢያልፋቸውም መንደሩ ሁሉ አሁንም መምህር ለማለት "ማሽ" ነው የሚላቸው፤ ያላስተማሩት የለማ። እኔንም ጆሮዬን እየቆነጠጡ አስተምረውኛል። ሳል ይዟቸዋል አሉ። ጠራጊያችን ኦማና ግን ወንበራቸውን በየቀኑ ትወለውላለች።

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የዘንባባ ቅጠሉን መጽሐፍ ዘይት የምቀባው በወሩ መጨረሻ ነው። እርጥበቱ ስላስፈራኝ ዘንድሮ አስቀደምኩት። ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። የእንጨት ሣጥኑን ከፈትኩ… ባዶ። መቶ አርባ ቅጠል፣ ከነገመዱ፣ ከነእንጨት ሽፋኑ የለም። የቀረው የጠጅ ሳር ዘይት ሽታ ነው።

የማሽ ቅድመ አያቶች የሕፃናትን መድኃኒት በብረት ብዕር የጫሩበት መጽሐፍ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። ማሽ ባለቤታቸው ባረፉ ዓመት ለቤተ መጻሕፍታችን ሰጡን። "እኔ ቤት ምስጥ ይበላዋል። አንቺ ጋ ግን፣ ታንካም፣ ምስጡን አንቺ ትበዪዋለሽ" ብለው አሳቁብኝ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እጠብቀዋለሁ ብዬ ተቀበልኩ።

መቆለፊያው አልተሰበረም። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ አንገቴ ላይ፣ ሌላው ከጠረጴዛዬ ኋላ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ኦማና ወለሉን እያጠበች ነበር። ዞር ብዬ ምን አልኳት?… "ካንቺ ሌላ ይህን ምስማር ማን ያውቃል?"

ቀና ብላ አየችኝ። ባልዲዋን ደፍታ፣ መወልወያዋን ጨምቃ ሰቅላ፣ ዣንጥላዋን ይዛ ወጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የሠራች ሴት! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እያወቅኩት ተናገርኩት።

ጥቅምት 7፣ ረቡዕ

ለዲዋካራን ነገርኩት። ማዳበሪያ ነጋዴ ነው፣ የኮሚቴያችን ሊቀመንበር። መንገር ግዴታዬ ነው፤ መንገሬን ግን ጠላሁት። ሳልጨርስ "ጠራጊዋ ናት" አለ። ምን ማስረጃ አለህ ስለው የኔኑ ቃል መለሰልኝ፤ ምስማሩን የምታውቅ እሷ ናት። ለካ ቁጣ ላይ ያልኩትን መንገድ ላይ የሰማ ሰው አለ።

ለማሽ እስካሁን አልነገርኩም። ታመው የተኙ ሽማግሌ… በምን አፌ?

ኦማና አልመጣችም።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

መነጽሬን ወልውዬ እንደ ፖሊስ ዞርኩ። መስኮቶቹ ደህና ናቸው። ሌላ የጎደለ መጽሐፍ የለም። የጎብኚዎች መዝገብ ላይ እንግዳ ስም የለም፤ ሁሉም የመንደር ሰው።

አንድ ነገር ግን ጎድሏል። የጠጅ ሳር ዘይቱ ጠርሙስ። ከነጨርቁ።

ጨርቁንም?

ጥቅምት 9፣ ዓርብ

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኦማናን አስጠሯት። የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳሪዋን በጣቶቿ ትጠቀልላለች። ዲዋካራን የተጻፈ ወረቀትና የቀለም መርገጫ አቀረበላት። "የምታውቂውን ነው የጻፍነው። ፈርሚ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ።" አውራ ጣቷን ወደ ቀለሙ ሰደደች።

ለምን ወረቀቱን እንደነጠቅኩ አላውቅም። "ቁልፉን ወስጄ መጽሐፉን መሸጤን አምኜ" ይላል!

"ኦማና፣ አንብበሽዋል?" አልኳት።

"መነጽሬን አልያዝኩም፣ ቼቺ።" ሁልጊዜ እንዲህ "ታላቅ እህቴ" ብላ ነው የምትጠራኝ።

መነጽር ኖሯት አያውቅም። ያን ጊዜ ገባኝ። ለኮሚቴውም ገባው። አራት ሺህ መጽሐፍ ቦታ ቦታው ላይ የምትመልስ ሴት… አንድም ቀን አሳስታ የማታውቅ… ፊደል አታውቅም።

ወረቀቱን ቀደድኩት። ዲዋካራን ቀላ። እንግዲያው ጉዳዩን ለፖሊስ እሰጣለሁ አለ። በዓሉ ደርሷልና ከእሑድ ማታ ጀምሮ መጽሐፍና ብዕር ሁሉ ለዕውቀቷ እናት አምላክ ስለሚቀርብ እስከ ማክሰኞ ጠዋት ማንም አይጽፍም፣ አያነብም። ስለዚህ ብዕሩን ማክሰኞ ሲያነሳ ክሱን ይጽፋል። "እና ዓመቱን የምትባርክበት የመጀመሪያ ቃል የኦማና ክስ ይሁን?" አልኩት። ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ

ኦማና ቤት ሄድኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ሃያ ደቂቃ!

ይቅርታ ጠየቅኳት። የተቀቀለ ካሳቫ ከተደቆሰ ሚጥሚጣ ጋር አቀረበችልኝና "ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል" አለችኝ። ይቅር ማለቷ ይሁን አለማለቷ አልገባኝም። በላሁ። አፌ ተቃጠለ። ይገባኛል።

መጻሕፍቱን እንዴት እንደምትለያቸው ጠየቅኳት። በቀለማቸው፣ በውፍረታቸው፣ በሽታቸው፤ ሁለት አንድ ዓይነት ከሆኑም በቆሻሻቸው። መሃይምነት ሊጠፋ ነው የተባለ ጊዜ መዝጋቢዎቹ ቤቷ መጥተው ነበር። ከመዝጋቢዎቹ አንዷ ከሷ የምታንስ ልጅ ስለነበረች አፍራ "አነባለሁ" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ውሸቱን መመለሻ መንገድ አጣችለት።

ስለ ዘይቱ ስነግራት ማኘኳን አቆመች።

"ቼቺ፣ ሌባ ዘይት ምን ያደርግለታል? የሚሸጠው ሰው ቅጠሉ ቢደርቅ ግድ የለውም። ዘይቱን የወሰደው የሚወደው ሰው ነው።"

ተምሬያለሁ የምለው እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ጠርሙስ ጠፋ ብዬ እጽፋለሁ። እሷ በአንድ ጉርሻ ጨረሰችው።

የሚወደው ሰው… ምስማሩን የሚያውቅ። ምስማሩ ከማን ወንበር ፊት ለፊት ነው? አይሆንም። አይሆንም፣ ታንካም።

ጥቅምት 11፣ እሑድ

አመሻሹ ላይ ማሽ ቤት ደረስኩ። ዘግይቻለሁ። መብራቱ በርቷል፣ ማሽ ራሳቸው በሐር የጠቀለሏቸው መጻሕፍት ከእናት አምላክ ሥዕል ሥር ተቀምጠዋል፣ አበባ ተበትኖባቸዋል። ከዚያ ወዲያ የሚነካቸው የለም። ምራታቸው ሽሪጃ ማክሰኞ ጠዋት ትንሿ ልጇ ኒላ ፊደል እንደምትጀምር በደስታ ትነግረኛለች፤ በጣቷ የምትጽፍበት ሩዝ ተለቅሟል፣ ትሪው ተወልውሏል። እኔ የምሰማው በአፍንጫዬ ነው። ከአበባው ሥር የጠጅ ሳር ይሸታል።

ማሽ ከአልጋቸው ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ያን ጊዜ ግን የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ መሰሉኝ።

በቤታቸው የተወለደ ልጅ ሁሉ ፊደል የጀመረው ያ መጽሐፍ ጎኑ ተቀምጦ ነው። እሳቸውም፣ አባታቸውም። ኒላ ብቻዋን ትቅር? "ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?" አልኳቸው።

"በሰው ሁሉ ፊት የሰጠሁትን? የሰጠ እጅ ተመልሶ ሲዘረጋ ያስጠላል፣ ልጄ። ማክሰኞ ከሰዓት ቦታው ላመልሰው ነበር። የዘይቱ ቀን ገና ነው ብዬ…"

የዘይቱን ቀን ያስቀደምኩት እኔ ነኝ። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡብኝ። ከዚያ ስለ ኦማና ነገርኳቸው። አልሰሙም ነበር፤ በሽተኛ እንዳይጨነቅ ብሎ ቤተሰቡ ደብቋቸዋል። ስለ አውራ ጣቷ ስነግራቸው ከአልጋው ወርደው በባዶ እግራቸው ወደ መጻሕፍቱ ሄዱ። ሊፈቱት! ሽሪጃ ፊቷ አመድ መሰለ። እጃቸውን ያዝኩ።

"እሺ" አሉ። "መጽሐፉ ታስሯል። አፌ ግን አልታሰረም።"

ይህን የምጽፈው ብዕሬን ለእናት አምላክ ሳላቀርብ ነው። ይቅር ትበለኝ፤ አሁን አቀርባለሁ።

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

ትናንት አልጻፍኩም። የትናንቱን ዛሬ።

ማሽ በዚያ ሳላቸው፣ በዚያ ዝናብ፣ መጀመሪያ ዲዋካራን ሱቅ ሄዱ። የተባባሉትን አልሰማሁም። የሱቁ ሰዎች እንደሚሉት ዲዋካራን እንደ ተማሪ ቆሞ ነው ያዳመጣቸው። ቀጥለው ኦማና ቤት። በረንዳዋ ላይ ቆመው ሁሉንም ተናዘዙ። እሷ ፎጣ አውጥታ ራሳቸውን አደረቀችላቸው። "ነገ ቤቴ ነይ፤ በሰው ፊት የጠፋ ስም በሰው ፊት ይመለሳል" ብለዋት ተመለሱ።

ዛሬ ጠዋት ግቢው ሙሉ ነበር። ሐሩ ተፈታ። መጽሐፉ ደህና ነው፣ አንድ ቅጠል አልጎደለም፤ እንዲያውም ከኔ አሳምረው ቀብተውታል። ኒላ አያቷ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን ይዘዋት ሩዙ ላይ አጻፏት። አለቀሰች፣ ከዚያ ከሩዙ ቆረጠመች።

ማሽ ተነሱ። መጽሐፉን የሰረቅኩት እኔ ነኝ አሉ፤ ሰረቅኩ የሚለውን ቃል አላለሰለሱትም። ልጃቸው መሬት መሬት አየ። ዲዋካራን አንገቱን ደፋ። ማሽ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ኦማናን ይቅርታ ጠየቁ። ትሪውን ወደ እሷ ገፉና "ነይ፣ ልጄ። ዕድሜ ልኬን የሰው ጣት ይዣለሁ፤ ያንቺን ግን ዘልዬዋለሁ" አሏት።

ኦማና መጥታ ተቀመጠች። ጣቷን ግን አልሰጠቻቸውም።

"ማሽ፣ ይቅር ብያለሁ፣ ከልቤ። ጣቴን ግን ቼቺ ይያዙልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረውኝ ኖረው ያልጠየቁኝ እሳቸው ናቸው።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም። ከኋላዋ ተንበርክኬ ጣቷን ያዝኩ። በውሃና በሳሙና የሻከረ ጣት ነው። የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ። ፊደሉ ተንጋደደ። "ቼቺ፣ ቀስ" አለችኝ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ፀሐይ ወጣ። ባልዲዎቹን አነሳሁ።

ማሽ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ጋዜጣውን ይዘው ከሳላቸው ጋር ይከራከራሉ። ዲዋካራን አንድ ዘለላ ሙዝ ልኮ ነበር። ኦማና ለአንባቢዎች አከፋፈለችው፤ ለራሷ አልወሰደችም።

በየጠዋቱ በሩን ሳንከፍት ፊደል ይዘን ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። ትቆጣኛለች፤ ፈጠንሽ ትለኛለች። "እርስዎ" ማለቱን መቼ እንደተወችው እንኳ ልብ አላልኩም።

ዛሬ ከምሳ በፊት አምስት መደርደሪያ መወልወል ነበረባት። ምሳ ሰዓት ሄጄ ሳይ ገና ሁለተኛው ላይ ናት። አንዱን መጽሐፍ ታወጣለች፣ ጀርባውን በጣቷ እየተከተለች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ትመልሳለች፣ ቀጣዩን ታወጣለች። የቀሩት ሦስቱ አቧራ እንደለበሱ ናቸው።

ሳልጠራት ምሳዬን ይዤ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።