ሁለት ቋጠሮ ያለው ክር

ከሚሴ፣ ሰኞ ጥቅምት 15 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተናፈቅሽው እህቴ ለዓዲላ አቡበከር፣
ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እቴ ዓዲላ፣ እንዴት ነሽ፣ አካም ጅርታ፣ ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እመቤትሽና እነዚያ የማይተኙት ልጆቿ እንዴት ናቸው? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ላሟም ደህና ናት፤ አሁንም እኔን ስታይ ትራገጣለች። ምን እንዳደረግኳት እሷና አላህ ያውቃሉ።

«ስልክ እያለ ይሄ ጉሬዛ ደብዳቤ መጻፍ ከየት አመጣ» ትያለሽ። ጉሬዛ ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። በስልክ ሳወራሽ እማ ጆሮዋን ከጆሮዬ አጣብቃ ነው የምትቆመው። ስለ እሷ ልንገርሽ ብል እንዴት ብዬ? ስለዚህ ጎረቤታችን ዙቤይዳ ወደዚያ ስትመጣ ይህን ይዛልሽ ትመጣለች። እንዳትከፍተው አስምያታለሁ፤ ግን ዙቤይዳን ታውቂያታለሽ። ዙቤይዳ፣ እዚህ ድረስ ካነበብሽ ሰላም ብያለሁ፣ በይ አሁን እጠፊው።

እቴ፣ በየስልኩ «እማ እንዴት ናት፣ እውነቱን ንገረኝ» ስትዪኝ «ደህና ናት» እልሽ ነበር። ደህና አልነበረችም። አባ ከሞተ ወዲህ ከበሩ ሥር ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። ምሳ ሳቀርብላት «አስቀምጠው» ትላለች፣ ማታ እዚያው አገኘዋለሁ። እንቅልፍም አልነበራትም።

ከረመዳን በኋላ ግን ዳነች። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

የአስር ሰላት ከሰገደች በኋላ ንጹህ ሻሿን ታስራለች፣ ጥቁር ፌስታል በክንዷ ታንጠለጥላለች፣ «መጣሁ» ብላ ትወጣለች። መግሪብ ሲቃረብ መንዙማ እያንጎራጎረች ትመለሳለች። ትበላለች። «ጨመር አድርግልኝ» ሁሉ ትላለች። እንቅልፏማ አይወራም፤ ወላሂ ስታንኮራፋ ሲኖትራክ መኪና ዳገት ሲወጣ ነው የምትመስለው። ፌስታሉን «ምንድነው እማ?» ስላት «የሴት ዕቃ» ብላ ከአልጋዋ ሥር ትወረውረዋለች።

ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ አይድንም አልኩ። ሸምሱን ታስታውሺዋለሽ፣ አብሮኝ ባጃጅ የሚነዳው፣ ያ ጥርሱ ፊት ለፊት የሚወጣው። ነገርኩት።

«ወንድ ነው» አለ ወዲያው፣ ጎማ እየነፋ።

«አፍህን ዝጋ» አልኩት። አፉ ግን እንደማይዘጋ ታውቂያለሽ፣ ጥርሱ አያስችለውም።

በማግስቱ በባጃጄ ከሩቅ ተከተልኳት። ቀጥ ብላ የት ሄደች? ክርና ቁልፍ ወደሚሸጡት ወደ ጋሽ ሙሀመድኑር ሱቅ። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከደሴ የመጡት፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡት። አንድ ነገር አሏት፣ ሳቀች። እማ ሳቀች፣ እቴ። ከዚያ ነጭ ክር ጠቅልለው ሰጧት፣ እሷም ሳትከራከር ተቀበለች። ሽንኩርት ስትገዛ ሻጩን የምታስለቅስ ሴት ሳትከራከር። ባጃጁ ውስጥ ተሳፋሪ ነበር፤ «ልጅ፣ እንሂድ እንጂ» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

አባ የተከለው የብርቱካን ዛፍ ታየኝ። ሰውዬው ከሥሩ ተቀምጠው፣ ሂናቸውን ተቀብተው፣ እኔን «ልጄ» ሲሉኝ። እንዲያ ከሆነ ያ ቤት የኔም ያንቺም አይደለም ብዬ ቆረጥኩ።

ሐሙስ እማ ስትታጠብ ፌስታሉን ከፈትኩት። የኪሮሽ መርፌ፣ ነጭ ክር፣ ገና አናቱ ብቻ የተሠራ ጀበና መክደኛ የሚያህል ክብ ነገር። ከሥሩ ደግሞ ለብቻው የተቆረጠ ክር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ አንዳንድ ቋጠሮ ያለው። ክሩን ኪሴ ከትቼ ለሸምሱ አሳየሁት። እናቱ በፊት ኮፍያ እየሠራች ትሸጥ ነበር።

«የራስ ልክ ነው» አለኝ። «ሰውየው ግንባር ላይ ያዞሩታል፤ ቋጠሮና ቋጠሮው ሲሳሳም ኮፍያው ልኩ ነው።»

«የማን ራስ?»

«ሴት በእጇ ኮፍያ የምትሠራው ለባሏ ነው» አለ ሸምሱ። ትንሽ አሰብ አደረገና «ወይ ለሚሆናት» አለ። እጄን እንኳ አላነሳሁበትም። የሆድ ነገር እጅ ያስራል።

ከዚያ የከሚሴን ራስ ሁሉ ለካሁ። ባጃጅ ተራው ላይ «ትልቅ ጭንቅላት ያለው ሻይ ይጋበዛል» ብዬ አወጅኩ። ወረፋ ያዙ። አንዱ ፀጉሩን ሳይቆረጥ እንደነበረ ቢለካ ኖሮ እንደሚያሸንፍ እስካሁን ይከራከረኛል። ሸምሱ ራሱ ተለካ፣ ክሩ ተርፎ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ። ሳቁበት። ለኔ ግን ሳቅ አልነበረም። በመጨረሻ ልቤን ይዤ ጋሽ ሙሀመድኑር ዘንድ ገባሁ።

«አባባ፣ ኮፍያዎን አንዴ ያውልቁልኝ።»

«ለምን?»

«ለቆጠራ ነው፣ ከቀበሌ ልከውኝ።»

«ሰው ይቆጠራል እንጂ ራሱ ይለካል እንዴ?» አሉኝ። ግን አወለቁ። ክሩን አዞርኩባቸው። ኋላቸው ላይ ሦስት ጣት ጎደለ። ድጋሚ ጠበቅ አድርጌ ሳብኩ።

«አንተ ልጅ፣ ታንቀኛለህ?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ራስዎ ትልቅ ነው» አልኳቸውና ጉንጫቸውን ስሜ ወጣሁ። ከኋላዬ «ይሄ የዘሊካ ልጅ አይደለም እንዴ? ምን ነካው?» ሲሉ ሰማሁ። ምስኪን፣ ያለ ወንጀላቸው ጠርጥሬያቸው።

ግን የሳቸው ካልሆነ የማን ነው? ቅዳሜ እማ ከሱቁ አልፋ እትዬ ዘይና ግቢ ገባች። ባሏ የሞተባት፣ የቁልቋል አጥር ያላት ዘይና። እኔም ባጃጁን ከመንገድ ዳር አቁሜ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቴን አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ላይ እሾህ አለ፣ እስካሁን አልወጣም።

ወንድ አልነበረም። ሴቶች ናቸው፣ ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ፣ ሁሉም ኪሮሽ ይዘው። እማ ብቻ እጇ ባዶ ነው። «ልኩ ጠፍቶብኛል» ትላለች። «ከሐሙስ ጀምሮ ሥራ ፈትቼ። ትናንት ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ።» ይህን ስሰማ ክሩ ኪሴ ውስጥ እንደ ፍም ተሰማኝ። ወደ ኋላ ልመለስ ስል ጆሮዬ እሾኹ ላይ ተያዘ፣ ጮህኩ።

«ማል ተኤ?» አለች እትዬ ዘይና፣ ምን ሆነ ብላ ተነስታ። መጥታ ስታየኝ እንደ ፍየል በቀንዴ፣ ማለት በጆሮዬ፣ ጎትታ ምንጣፉ መሃል አቆመችኝ። ሴቶቹ ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው ይስቃሉ።

እማ አልሳቀችም። «ምን ልትሰልል መጣህ?»

ክሩን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁ። «ይሄ የማን ራስ ነው?» አልኳት። ድምፄ የትልቅ ሰው እንዲሆን ፈልጌ ነበር፣ አልሆነም። «የአባን ቤት ለማን ልትሰጪው ነው?»

ክሩን ተቀበለችኝ። «ጎንበስ በል» አለች። ጎንበስ አልኩ። ግንባሬ ላይ አዞረችው። ከኋላ ቋጠሮዎቹ ሲነካኩ ይሰማኛል። ተሳሳሙ፣ እቴ። የከተማውን ራስ ሁሉ ለክቼ የራሴን ረስቼ።

«ባለፈው ሳምንት ጁምዓ ምሳ በልተህ ስትተኛ ነው የለካሁህ» አለችኝ።

«ለኔ ከሆነ ለምን ደበቅሽኝ?»

«አንተስ ለምን ደበቅከኝ?»

እሾኹን የምፈልግ መስዬ ጆሮዬን ዳበስኩ።

«ስኳሬ ውስጥ ጨው ካልጨመርክ ስንት ጊዜህ ነው?» አለች። «ጫማዬን ጣራ ላይ ካላወጣህስ? ከረመዳን ወዲህ ውኃ ትቀዳለህ፣ ‹እማ ላግዝሽ› ትላለህ። ዓዲላም እንዲህ ነበር የሆነችው። ዕቃ ስታጥብ፣ ግቢ ስትጠርግ፣ እግሬን ስታሽ ሰነበተች። እኔ ሞኟ ልጄ ጨዋ ሆነችልኝ ብዬ ለጎረቤት አወራሁ። ከዚያ ባንዱ ጁምዓ ፓስፖርቷን አወጣች።»

እትዬ ዘይና ኪሮሿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ሰኞ ሰኞ ባቲ ፍየል ልትገዛ ትሄዳለህ፤ አንድም ፍየል ግን ከቤቴ አልገባም። ደላላው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ባሕሩን በጀልባ እንደሚያሻግራችሁም አውቃለሁ። አትሂድ አልልህም፤ እሷንም አላልኳትም። ግን እሷ ስትሄድ እጄ ባዶ ነበር። ከእጄ የወጣ ነገር ሳትይዝ ነው የሸኘኋት። ያ ነው እንቅልፍ የከለከለኝ። አንተ ግን እኔ የሠራሁትን ራስህ ላይ አድርገህ ትሄዳለህ።»

አየሽ እቴ፣ እኔ እሷን ስሰልል እሷ እኔን ሰልላ ጨርሳለች። ፍየሉ ውሸት ነበር። በዚህ ወር መጨረሻ ነበር ቀጠሮዬ። ላንቺም የምነግርሽ ከደረስኩ በኋላ ነበር፤ በርሽን አንኳኩቼ በድንጋጤ እንድትወድቂ። እንደ ቀልድ አድርጌ ነበር ያሰብኩት።

እትዬ ዘይና መርፌውንና ክሩን እጄ ላይ አደረገች። «ሥራ ያስፈታት እሱ ነው፤ ቁጭ ብሎ ይሥራ» አለች። እኔ ወንድ ነኝ ብዬ ልከራከር ስል እማ «አባትህ ደረሳ ሆኖ ቁርአን ሲማር ኮፍያውን የሚሠራው ራሱ ነበር» አለችኝ። ይህን ታውቂ ነበር? እኔ ገና ያኔ መስማቴ ነው።

ተቀመጥኩ። «አጥልቅ፣ ሳብ፣ አጥልቅ፣ ሳብ» ትለኛለች እማ ከጎኔ። መጀመሪያ የሠራሁት ቀለበት የላሟን እግር ያስገባል። ፈታችው። ደግሜ ሠራሁ። «ሐሳብ ሲመጣብኝ ዘይና ‹ቁጠሪ› አለችኝ» አለች እማ ዝቅ ብላ፣ ለኔ ብቻ። «ስቆጥር አባትህን አልረሳሁትም። ግን ደረቴ ላይ መቀመጡን ተወ፤ አጠገቤ ተቀመጠ።» አንድ ዙር ስጨርስ ቀና አልኩ፤ ፀሐይዋ ከዛፉ ወርዳለች። ያን ሁሉ ጊዜ ባቲን አላሰብኩም፣ ባሕሩንም። ጫት እንኳ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም። ሸምሱ ቢሰማ ግን አለቀልኝ፤ ዙቤይዳ፣ እስካሁን እያነበብሽ ከሆነ ለሸምሱ እንዳትነግሪ።

ዛሬ ሰኞ ነው። ሚኒባሱ ኮምቦልቻ፣ ባቲ እያለ ሲጠራ ከቤት ሆኜ ሰማሁት። እኔ ያኔ ጓዳ ነበርኩ፣ የእማ ስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ጨው ስገለብጥ።

ሻይዋን ቀዳች። ከቆርቆሮው ሁለት ማንኪያ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ፉት አለች። ፊቷ አልተለወጠም። አየችኝ። እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ። ሁለተኛ ፉት አለች፣ ሦስተኛ፣ እስከ ታች ጠጣችው። ብርጭቆውን አስቀምጣ አፏን በሻሿ ጠረገችና «ጣፍጧል» አለች። ከዚያ ፌስታሉን ከአልጋው ሥር ጎተተች። አሁን በግልጽ ነው የምትሠራው። «ለዓረፋ ይደርሳል፣ ኢንሻ አላህ» አለች። ቅዳሜ ለመንገድ ነበር ስትል የነበረው።

እንግዲህ የኔ ነገር ይኸው ነው። አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

እቴ፣ ጠርጥሬሻለሁ። ከእማ ነው የተማርኩት። በፊት ስደውልልሽ ገና «ሀሎ» ሳልል «አንተ ጉሬዛ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን አበሳጨህ» ነበር የምትዪኝ። አሁን «አብሽር ወንድሜ፣ ደህና ነኝ፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑ» ነው። ወንድሜ ብለሽ ጠርተሽኝ ታውቂ ነበር? ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ጨዋ የሆንሽው? ላምሽን እንኳ አትጠይቂም። እማም ሰምታለች። ትናንት ስልኩን ከዘጋን በኋላ መርፌዋን አነሳች፤ የሠራቻቸው ቀለበቶች ከሌላው ቀን ይልቅ ጥብቅ ያሉ ነበሩ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ዙቤይዳ ስታገኝሽ ክር ይዘሽ ራስሽን ለኪ፣ ሁለት ቋጠሮ አድርጊበትና ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ስጪ። እማ ከሂጃብሽ ሥር የምታደርጊው ኮፍያ ልትጀምርልሽ ነው፤ አናቱን እኔ ነኝ የምሠራው፣ ከጠመመ ራስሽ ስለጠመመ ነው። ክር ካጣሽ ደግሞ ራስሽን ይዘሽልን ነይ፣ እዚሁ እንለካሻለን። አልጋሽ እንዳለ ነው። ምክንያቱን ማንም አይጠይቅሽም፣ እኔ ብቻ በጥርሴ እስቅብሻለሁ።

አላህ የምትረግጪውን ያለስልስልሽ፣ የምትይዢውን ያቅልልልሽ፣ ከማያዝን ሰው እጅ ያውጣሽ። እማ «አሚን» ብላለች፤ ይህችን መስመር ብቻ ነው ያነበብኩላት።

የሚመጣው ጁምዓ እደውላለሁ። እማ ጆሮዋን አጣብቃ ትቆማለች። ስድብ አዘጋጂ። ከሰደብሽኝ ደህና እንደሆንሽ እናውቃለን። ካልሰደብሽኝም እናውቃለን።

ወንድምሽ ጀሚል አቡበከር፣
ጉሬዛው