የአባባ ጉልበትና የጄቱ የኋላ ወንበር

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

እኔ ታናሽ እህትህ፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳይመክረኝ፣ ትናንት ከምሳ በኋላ የአባታችንን ጭን በተኙበት በሜትር መለካቴን በዚህ ደብዳቤ አምናለሁ። ፍርዱን ላንተ ትቼዋለሁ። ግን ከመፍረድህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበው፤ የጥፋቱ ግማሽ ያንተ ነውና።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንዴት ሰነበትክልን? ጤናህስ? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከጄቱ ሞተር ጋር ትፎካከራላችሁ? ትበላለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እጅህስ ከግራሶው ይጸዳል? እማዬ "ያን ሁሉ ጩኸት ሲሰማ ውሎ ደንቆሮ ሆኖ ይመጣብኛል" እያለች ትጨነቃለች፤ እኔ ደግሞ እዚህ ቤት ለሚኖር ሰው መደንቆር እረፍት ነው ብያታለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አያታችን ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል፣ ምላሳቸውን ግን ምንም አላመማቸውም።

ያ ደብዳቤህ የደረሰ ቀን ስፌት ቤቱ ውስጥ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። በደንብ ለሠሩ መካኒኮች አለቆቻችሁ ሽልማት አስበው፣ የእያንዳንዳችሁ አንድ የቤተሰብ አባል በማሠልጠኛው ጄት የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ዙር እንዲበር ፈቀዱ የሚለውን ሳነብ ሁሉም ሥራውን ትቶ ወደ እኔ ተጠጋ። ከዚያ ልኩ መጣ። ዕድሜው ከአሥራ ስምንት በላይ፣ ክብደቱ ከሃምሳ አምስት ኪሎ ያላነሰ ከዘጠና አምስት ያልበለጠ፣ ሲቀመጥ ራሱ ጣሪያውን የማይነካ፣ ከጀርባው እስከ ጉልበቱ ጫፍ ደግሞ ከስልሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር የማያልፍ። ምክንያቱንም አብራራህልን፤ አደጋ ቢመጣ ወንበሩ ሰውየውን ይዞ ወደ ላይ ስለሚተኮስ፣ ጭኑ የረዘመ ሰው ጉልበቱን ከፊቱ ካለው ብረት ጋር ያጋጨዋል አልክ። ለእናቱ እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ልጅ ካንተ ሌላ አላየሁም። እማዬ እስካሁን የገዛ ጉልበቷን እያሻሸች ነው።

"ከቤተሰቡ ልኩ የሆነ ማንም ይምጣ" ነው ያልከው። ስም አልጠራህም። ማንን እንደፈለግክ ግን ሁላችንም ገብቶናል። የአባባን ሙያ ትተህ፣ መቀሱን አስቀምጠህ ወደ ጄቶችህ ከሄድክ ወዲህ፣ አንተ ስትደውል አባባ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይሉ "ሰላም ነው በሉት" ይላሉ፤ ስልኩን ግን አይቀበሉም። ያን ቀንም አንብቤ ስጨርስ አባባ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ፣ ሜትሩን ካንገታቸው ሳብ አደረጉና "እስቲ ተሰለፉ" አሉ። ኩርፊያው ኩርፊያ ነው፣ ልኬት ከተባለ ግን እጃቸው አርፎ አይቀመጥም።

መጀመሪያ የቀረቡት አጎታችን ናቸው፤ ያው ጀነራሉ፣ አንድ ቀን ወታደር ሳይሆኑ መጋዘን ሲጠብቁ ማዕረግ የደረሰባቸው። "ጊዜ አታጥፉ፣ የምሄደው እኔ ነኝ፤ ደሜ የወታደር ነው" አሉ። ደማቸው ስንት ኪሎ እንደሆነ ለማየት ወፍጮ ቤት ሄድን። የእህል ሚዛኑ ላይ ሲወጡ መቶ አሥራ ሁለት አለ። ጫማ አወለቁ። ቀበቶ ፈቱ። ሰዓታቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ። ጎንበስ ብለው ካልሲያቸውን ሊያወልቁ ሲሉ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ "ጋሼ፣ ግድ የለም፣ ካልሲው አይደለም" አላቸው። እስከ ቤት ድረስ ሚዛኑ ዱቄት ስለገባበት ነው እያሉ መጡ።

አያታችን ደግሞ "እኔስ ሰው አይደለሁም? ለካኝ እንጂ!" ብለው አባባን ተቆጡ። ከነካፖርታቸው አርባ አንድ ኪሎ ሆኑ። "ታዲያ ምን ችግር አለ፣ ኪሴ ውስጥ ድንጋይ ጨምሩልኝ" አሉ፤ የቀለዱ እንዳይመስልህ። እማዬ መሰላል ላይ ስትወጣ እንኳን ስለሚያዞራት እኔን ተዉኝ ብላ በእጇ ምልክት ብቻ አለፈች። እኔ ዕድሜዬ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ለወጉ ያህል ለኩኝ ብላቸው አባባ "አንቺ ያለ ጄትም ትዘያለሽ፣ ፌንጣ" ብለው አባረሩኝ። እግሬ እንዲህ የተመዘዘው በማን እንደሆነ መስተዋት ቢያዩ ምን ነበረበት።

በመጨረሻ ሌላ ሰው አልቀረም። አባባ ማንንም ሳያናግሩ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መጋረጃ ውስጥ ገቡ። ቆዩ። እማዬ መጋረጃውን እያየች የአንድ ሸሚዝ ቁልፍ ሦስት ጊዜ ቆለፈች፣ ፈታች። ሲወጡ "ክብደቴ ደህና ነው፣ ቁመቴም ደህና ነው። ጭኔ ግን ስልሳ አምስት። አልሆነም፣ በቃ" አሉና ስፌት መኪናቸው ጋ ተቀመጡ። ከጭንቅ የተገላገለ ሰው መምሰል ፈልገው ነበር፤ ግን አልቻሉበትም። ያን ቀን የሰው ኮት እጅጌ ገልብጠው ሰፉ። ይታይህ፣ አባባ! ደንበኛው ለብሶት ክንዱ ወደ ኋላ ሲቀር ነው የታወቀው።

እማዬ "ማንም አልሆነም ብለሽ ጻፊለት" አለችኝ። እሺ አልኩ፣ ወረቀት አወጣሁ፣ መጻፍ ግን እምቢ አለኝ። እንዲያው ነገ ነገ ስል የስፖርት አስተማሪያችን ሱሪ ሊያሰፉ መጡ። የሜትሩን ጫፍ ወገባቸው ላይ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ዘጠና ስድስት ላይ ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። አባባ "ዘጠና ዘጠኝ!" ብለው ጻፊ አሉኝ። "አባባ፣ ዘጠና ስድስት ነው እኮ የሚለው" ብላቸው ገልመጥ አድርገውኝ "ሰውየው ይተንፍስ እንጂ! ሁለት ጣት ለትንፋሽ ነው" አሉ።

ወንድምጋሼ፣ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ሁለት ጣት! የስምንተኛ ክፍል ሱሪህ ትዝ አይልህም? አንተና ጓደኛህ አንድ ላይ ገብታችሁበት የሣቃችሁበት? አባባ ዕድሜ ልካቸውን የሰውን ልክ ሳይጨምሩ ጠርተው አያውቁም። ሜትሩ ሌላ ይላል፣ አፋቸው ሌላ ይላል፤ ራሳቸውም አይሰማቸውም። መጋረጃ ውስጥ ገብተው የራሳቸውን ጭን ሲለኩም ለትንፋሽ ጨምረውለታል! ጄቱ ሱሪ አይደለም፤ እሱ የሚጠይቀው የእርቃን ልክ ነው።

ይህን ለአባባ መንገር ግን ቀላል አይደለም። ጀነራሉን ወፍረዋል ብትላቸው ይስቃሉ፤ አባባን ግን ልኬት ተሳስተዋል ብትላቸው ሳምንት ሙሉ ምሳ አይበሉም። ስለዚህ መጀመሪያ እርግጠኛ መሆን ነበረብኝ። ከምሳ በኋላ እንዴት እንደሚያሸልቡ ታውቃለህ፤ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ጉልበታቸው ቀጥ ብሎ። ፓይለት እንኳን እንዲህ አይቀመጥም! ተንበርክኬ ሜትሩን ከግድግዳው ወደ ጉልበታቸው ሳብ ሳደርግ በሩ ተከፈተና እማዬ ገባች። አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን እኔን አየች፣ ጉልበታቸውን አየች፣ ጫማዋን አውልቃ በጣቷ እየተራመደች መጣችና የሜትሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ ጥፍር አድርጋ ያዘችልኝ። "አታጣምሚው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ስልሳ ሁለት። ደግመን ለካን። ስልሳ ሁለት።

እማዬ አፏን በመዳፏ ከድና ወጣች፤ ጓሮ ስደርስ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። "ማን ይነግረዋል?" አለች። እኔ አንቺ ንገሪያቸው አልኳት፣ እሷ አንቺ ንገሪው አለችኝ፣ አያታችን "እኔ ልንገረው" ሲሉ ሁለታችንም እንዳይናገሩ እሳቸውን መለመን ጀመርን። እማዬ የምትፈራው አንድ ነገር ነው፤ አባባ ጭናቸውን ምክንያት ያደረጉት መሄድ ስላልፈለጉ ቢሆንስ? እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። መሄድ ያልፈለገ ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ በሻይ ስኳር ለምን ይተዋል? ትናንት ማታ ደግሞ ጀነራሉን "ላይ ሲወጣ ይበርድ ይሆን?" ብለው ጠየቋቸው፣ እንዲያው ወሬ ለማሳመር እንደሚጠይቅ ሰው። ጀነራሉ እንደ ወትሯቸው ያላዩትን ሁሉ አብራሩላቸው፤ አባባም እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አባባ ጀነራሉን እስከ መጨረሻው ሲያዳምጡ አይተህ ታውቃለህ?

የአውቶቡሱ ሾፌር ነገ ጠዋት ወደ እናንተ ስለሚወጣ ይህን በእሱ እልካለሁ። የሚመጣውን ሰው ስም አሳውቁኝ ያልከው የሚቀጥለው ሳምንት ሳያልቅ ነውና፣ የአባባን ስም ጽፈህ ጠብቅ፤ ቀሪውን ለእኔ ተወው። እሳቸው የኋላ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ቀበቶውን የምታስርላቸው አንተ ከሆንክ፣ ስልክ ሳያስፈልጋችሁ የምትነጋገሩ ይመስለኛል። ብቻ ቀበቶው ሁለት ጣት እንዳይላላ ተጠንቀቅ፤ ላላ አድርገው ይሉሃል፣ አትስማቸው።

እማዬ ጉንጭህን ሳሚልኝ ብላለች፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሆን አልነገረችኝም። አያታችን ድንጋዩን አልረሳሁም በይልኝ ብለዋል። ጀነራሉ በወታደራዊ ሰላምታ፣ ሆዳቸውን አስገብተው፣ ሰላም ብለውሃል። አባባ ደግሞ ያው እንደምታውቀው "ሰላም ነው በ...

ቆይ፣ እየተጠራሁ ነው። "ፌንጣ! አንቺ ፌንጣ! ሜትሬን የት አደረስሽው?" አንገቴ ላይ ነው ያለው፤ ከትናንት ጀምሮ አላወለቅኩትም። ከካውያ ጠረጴዛው ሥር አጮልቄ ሳይ ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ጉልበታቸው ቀጥ ብሏል፣ ዓይናቸው ግን እንደ በራ መብራት ተከፍቷል። "እናትሽንም ጥሪያት፣ ጫፉን እሷ ትያዝ" እያሉ ነው። "ትናንት ስትኮረኩሩኝ ቆይታችሁ ስንት እንዳለ እንኳን ሳትነግሩኝ ነው የሄዳችሁት!"

ከስፌት ቤቱ፣ ከካውያ ጠረጴዛው ሥር
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 8 ቀን

እህትህ ፌንጣ