ለእግር ቅባቱ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን የሕክምና መረጃ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ምንም ዓይነት ማሳከክ እንዳይነካዎ ከልቤ እመኛለሁ። ምናልባት ከነካዎም የሚያሳክክዎ ቦታ በኮምፒውተርዎ ውስጥ የተፈቀደ እንዲሆንልዎ እጸልያለሁ።

እኔ የሂሳብ መምህርትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የሚያሳክከኝ ብልቴን ነው። ይህን በአደባባይ በመጻፌ ከወንበርዎ እንዳይወድቁ አደራ፤ እኔም ብሆን ለጤና ጣቢያችን ሐኪም እስክነግራት ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ አፍሬ ተቀምጫለሁ። እሷ ግን አላፈረችም። መርምራኝ ነጭ ምልክት ስላየች፣ ካንሰር እንዳይሆን በአንድ ወር ውስጥ ናሙና ይወሰድ ብላ ሕመሜን በስሙ ጻፈችው። ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

፩ኛ፦ ሐኪሟ የጻፈችውን ሕመም በኮምፒውተሩ የሕመም ዝርዝር ውስጥ ወዳለ ኮድ የሚቀይረው ሠራተኛዎ፣ «የሴት ብልት ማሳከክ» የሚለውን እርስዎ ነውር ነው ብለው ከዝርዝሩ እንዳስወጡትና በምትኩ «የእግር ማሳከክ» ተብሎ እንዲሞላ እንዳዘዙ አንገቱን ደፍቶ ነግሮኛል። ለጨዋነትዎ አሳዳጊዎችዎ ይባረኩ።

፪ኛ፦ በዚሁ ኮድ የታተመው የሪፈር ወረቀቴ ትልቁ ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ደርሶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። እግር ለሚያሳክካት ሴት የማህፀን ሐኪም ምን ያደርግላታል ቢሉ እውነታቸውን ነው። እኔም ሦስት ቱቦ የእግር ቅባትና ካልሲዬን በየቀኑ እንድቀይር የሚል ምክር ይዤ ቤቴ ገባሁ። ተረከዜ አምሮበታል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

፫ኛ፦ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት እግራቸውን የሚያሳክካቸው ሴቶች አርባ አንድ መድረሳቸውን አይተው በመደንገጥ፣ የጫማ ንጽሕና ሥልጠና ስላዘጋጁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አርባ አንዳችንም አዳራሹ ውስጥ ተደርድረን፣ ጥርሳችንን ነክሰን፣ እግር አስተጣጠብ ተማርን። አንዲት አዛውንት መቀመጥ አቅቷቸው እስከ መጨረሻው ቆመው ቢከታተሉ፣ አሠልጣኙ ትጋታቸውን አድንቀው አስጨበጨቡላቸው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቤቴ ስደርስ ግን አለቀስኩ።

አንድ ወር የተባለው አምስት ወር ሞላው። ፈርቻለሁ፤ ይህቺን እንኳ ያለ ቀልድ ነው የምጽፍልዎ። በመጨረሻ ሐኪሟ በእጇ ደብዳቤ ጽፋ፣ የእረፍት ቀኗን ሠውታ፣ ራሷ ይዛኝ ሆስፒታል ሄደች። ናሙናው ባለፈው ሰኞ ተወስዶ ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው። የቀሩት አርባዎቹ ግን ዛሬም እግራቸውን እየታጠቡ ስለሆነ፣ ያስወጡትን ኮድ ወደ ቦታው እንዲመልሱልን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ከወገቧ እስከ ጉልበቷ ያልተመዘገበችው፣
አክባሪዎ መምህርት

ማስታወሻ፦ ውጤቱ ክፉ ሆኖ ካልተረፍኩ፣ የሞቴን ምክንያት መዝገብ ላይ የሚያስገባው የእርስዎ ክፍል ስለሆነ አንድ ነገር ላስቸግርዎ፤ እባክዎ በእግር ማሳከክ ሞተች ብለው እንዳያስጽፉብኝ። ልጆቼ ያነቡታል፤ ሁለቱ ደግሞ ሴቶች ናቸው።