ገብሱ እስኪገባ

ኅዳር 9 ቀን 1992፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት
ዛሬም ጠበል። ውሃው አጥንት ይሰብራል። መምሬ ተክሌ በመስቀላቸው ጀርባዬን እየዳበሱ መንፈሱን ስምህን ተናገር ይሉታል። ውስጤ የሚናገር የለም፤ ጥርሴ ብቻ ይንቀጫቀጫል።

በሽታዬ ይኸው ነው፦ ካለቀስኩ በረዶ ይወርዳል። በአባቴ ቀብር አለቀስኩ፤ የመርሐቤቴ ማሽላችንን በረዶ መታው። እጮኛዬ ሲተወኝ አለቀስኩ፤ የጎረቤት ጥጃ በበረዶ ሞተ። የአገሬ ሰዎች ሦስተኛውን ሳይጠብቁ ዱላ ይዘው መጡ። የማስተምርበትን ት/ቤት እንኳ ሳልሰናበት ወደ መንዝ ሸሸሁ። ደብተሬ፣ እዚህ ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለመምሬም አመመኝ ብቻ ነው ያልኳቸው።

ከቀትር በኋላ
ላስጠጉኝ መነኩሲት፣ ለእማሆይ ወለተ ሐና፣ ሽንኩርት ከተፍኩ። እንባዬ ፈሰሰ። ሰማዩ ንቅንቅ አላለም። የሽንኩርት እንባ አይቆጠርም፤ ሰማዩ ይለያል። ይህ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ኅዳር 13
የእማሆይ ወንድም ጋሼ በላይነህ ዐረፉ። ስመጣ በብርድ እንዳልሞት የሱፍ ባና ያለበሱኝ እሳቸው ናቸው። ገብሱ አልታጨደም፤ እስከ ገደሉ አፋፍ ቢጫ ነው። ሴቱ ሁሉ ፊቱን ሲነጭ እኔ ደም ደም እስኪለኝ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። አንዲት ሴት የሟቹን ባና ለብሳ፣ ዓይነ ደረቅ አለችኝ።

ኅዳር 14
እማሆይ አላስቻላቸውም። ወንድሜን ጠልተሽው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያባርሩኛል ብዬ በዓይኔ ሻንጣዬን ፈለግኩ። ወጥተው ገብሱን ብዙ አዩት።
«እንግዲያ ለኛ ገብስ ብለሽ ነው እንባሽን ያፈንሽው?» አሉኝ።
ሊያስለቅሱኝ ነበር። ሮጬ ጠበል ውስጥ ገባሁ።

ኅዳር 20
መንደሩ ሰማ። የተናገሩት እማሆይ ናቸው፤ ተናደድኩባቸው። ወደ ራቤል ከተማ ልሄድ ሻንጣዬን አሰርኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ዱላ ይዘዋል። ሻንጣዬን ብድግ አደረግኩ። ለካ ዱላው መደገፊያቸው ነው።

ሰው ሐዘኑን ውጦ አይኖርም አሉ። ደቦ ጠርተዋል። እስከ ጋሼ በላይነህ አርባ ገብሱ ይገባል፤ ያኔ እንዳሻሽ አልቅሺ አሉኝ። እስከዚያ ማንም እንዳያስቀይማት ብለው ሴቶቹን አስጠነቀቁ። መምሬ ጠበሉ አላለቀም አሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። ሻንጣዬን ፈታሁ።

ታኅሣሥ 11
አጨዳ። እኔም ማጭድ ይዣለሁ። ዓይነ ደረቅ ያለችኝ ሴት አጠገቤ ናት፤ እንዳላዝን ቀኑን ሙሉ የሚያስቅ ወሬ ታወራልኛለች። ወሬዋ አያስቅም። እኔ ግን እስቃለሁ። ባዕድ አገር ለእንባዬ ቦታ እየጠረገልኝ ነው። ይህን የሚያህል ነገር አይቼ አላውቅም፣ የኔን በረዶ ጨምሮ።

ታኅሣሥ 22፣ አርባቸው
ጸሎቱ ተደርሷል። አውድማው ባዶ፤ አንቺን ይዤ መሀሉ ተቀምጫለሁ። በጎቹ ጉረኖ ገብተዋል፣ ልጆቹም ቤት። መንደሩ በየደጃፉ ቆሞ ያየኛል። መምሬ መስቀላቸውን አላወጡም። እማሆይ ይግቡ ብላቸው እምቢ ብለው አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ነገ ጠበል አልሄድም። ራቤልም አልሄድም።

እማሆይ ግራ እጄን ያዙ። «ገብሱ ገብቷል፣ ልጄ» አሉኝ።

አባቴ መጣብኝ። ጋሼ በላይነህም። ደመናው ከገደሉ ሥር እየወጣ ነው። ልዘጋሽ ነው ደብተሬ፣ ቀለምሽ እንዳይ