ተኩስ መማር የጀመርኩበት ጸደይ

ለማልጠግባት እህቴ ለሊስቤት፤

ከተራራውም ከባሕሩም ማዶ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ኢግናሲዮስ እንዴት ሰነበተ፤ ብርዱ በጎቹን አልጎዳበትም? የልጅ ልጅሽ አማሊያ ጥርስ አበቀለች? እኛ በበጋ መግቢያ ላይ ነን፤ እናንተ ዘንድ፣ ከምድር ወገብ በታች፣ ግን ክረምት እየገባ መሆኑን አውቃለሁና እባክሽ እግርሽን ለብርድ አትስጪው።

እኛ በሕይወት አለን። አባባ ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ከአምናው ይበልጥ ደክሟል። ጋዜጣውን የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ቀስ ብዬ ካነበብኩ ይቆጣሉ፣ ከፈጠንኩም ይቆጣሉ። የእኔን ጤና ከጠየቅሽ ትከሻዬ በልዟል። ምክንያቱን ስነግርሽ ብትስቂም አልቀየምሽም፤ አገር ምድሩ ስቆብኝ ጨርሷል።

ተኩስ ልማር ገብቻለሁ። አዎ፣ እኔ ቬሬና፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ። በረዶው ሊያልቅ ሲል አናጺው ፍሪዶሊን የወጥ ቤቱን መስኮት ሊጠግን መጥቶ ነበር። አሁን የተኩስ ማኅበሩ ሰብሳቢ እሱ ነው። ሾርባ ሰጥቼው እየበላ፣ «ሰው አለቀብን እኮ» አለ። «ወጣቱ ሁሉ ዙሪክ ገባ። በሜዳው ተኩስ በዓል ቀን ተኳሽ የሚተኛበት ምንጣፍ ግማሹ ባዶውን ሊውል ነው። ሴቶች ቢመጡ ማን ይከለክላቸዋል?» እኔም ሳላስበው «እኔ እመጣለሁ» አልኩት። አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡና ተነሥተው የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረጉት። መልሳቸው ይኸው ነበር።

አንቺ ታውቂያለሽ፤ በልጅነታችን እሑድ እሑድ ምሳቸውን ተሸክመን ወደ ተኩስ ቤቱ ስንሄድ ቅርጫቱን ከበር ላይ ተቀብለውን «በሉ አሁን ወደ ቤት» ይሉን ነበር። የሸለቆውን ወንድ ልጅ ሁሉ ተኩስ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እኛን ሁለታችንን አንድ ቀን ግቡ አላሉንም። ፍሪዶሊን ሲጠይቀኝ ያ ነገር ነው ከውስጤ የመለሰለት።

ፍሪዶሊን መጀመሪያ ያስተማረኝ ጥንቃቄውን ነው። «አፈሙዙ ምንጊዜም ወደ ዒላማው። ጣትሽ እስክታነጣጥሪ ድረስ ከቃታው ውጭ። ጥይት የለውም ቢሉሽ አትመኚ፤ ራስሽ ከፍተሽ እዪ።» ይህን ቶሎ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ጉዱ። በደረትሽ ትተኛለሽ፤ ሰደፉን ከትከሻሽ ታጣብቂያለሽ፤ ትንፋሽሽን ግማሹን አውጥተሽ ትይዣለሽ። «ቃታውን አትንጠቂው፤ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ሲተኮስ አንቺን ራስሽን ሊያስደነግጥሽ ይገባል» ይለኛል። እኔን ግን ገና ሳይተኮስም ያስደነግጠኛል።

ስትስቺ ደግሞ በስውር የሚያልፍ እንዳይመስልሽ። ከዒላማው ሥር ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ምቱን የሚያሳዩት ሰዎች ክቡን ሰሌዳ በረጅም እንጨት አውጥተው ግራና ቀኝ ያወዛውዙልሻል፤ ስታለች ማለት ነው። ሸለቆው በሙሉ ያየዋል። ለእኔ ሲያወዛውዙ ክንዳቸው ደከመ። አንድ ቅዳሜ ሥጋ ሻጩ ካስፓር ከጉድጓዱ ስልክ ደውሎ፣ «አራተኛው ምንጣፍ ላይ የተኛችው ማን ናት? ዒላማው ናፍቃኛለች ብሏል በሏት» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ አንጀቴ ግን አረረ። በሌላ ቀን አንዷ ጥይቴ የጎረቤቴን ዒላማ መታች። አጠገቤ የተኛው የትምህርት ቤቱ መምህር ቀና ብሎ፣ «ቬሬና፣ ስለ ደግነትሽ አመሰግናለሁ፤ የራሴን ግን እኔው ልሞክር» አለኝ።

ምክሩስ ብትይ! አንዱ እግርሽን ክፈቺ ይላል፣ ሌላው ሰብስቢ ይላል። አንዱ ጉንጭሽን ተጫኚ፣ ሌላው አቅልዪ። ሁሉንም አደረግሁ፤ ሰሌዳው ግን መወዛወዙን አልተወም።

ከሁሉም የከፉብኝ አባባ ናቸው። ዱላቸውን ይዘው ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመሩ። ወንዶቹ ሁሉ ተነሥተው «ሜልኪዮር፣ አስተማሪያችን» እያሉ ይጨብጧቸዋል። እሳቸው ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ በተኮስኩ ቁጥር በአፍንጫቸው «እምም» ይላሉ። አንድ ቀን ራት ላይ እልህ ይዞኝ፣ «አባባ፣ ምኑን ነው የማበላሸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሾርባው ጨው ጎድሎታል» አሉኝ።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። መለከቱ፣ ቋሊማው፣ ከየመንደሩ የመጣው ሰው፣ ሁሉም እንደምታውቂው ነው። ጥሩ የተኮሰ ደረቱ ላይ ትንሿን የአክሊል ምልክት ያደርጋል። እኔ የምልክቷን ነገር ተዪው፤ ከግማሽ በላይ ጥይቴ የት እንደገባ እግዜር ይወቅ። ከምንጣፉ ስነሣ ቀና ብዬ ማንንም ማየት አልቻልኩም።

ቀጥሎ የአባባ ስም ተጠራ። በሕይወታቸው አንድም ዓመት ቀርተው አያውቁም። ፍሪዶሊንና ካስፓር ደግፈው አስተኟቸው። አነጣጠሩ። ቆዩ። ሁላችንም ጠበቅን። ከዚያ ጠመንጃውን ከፍተው ጥይቱን አወጡና ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። «አይታየኝም» አሉ፤ በቀስታ፣ ሰዓት እንደሚነግር ሰው። እኔ ነኝ ያነሣኋቸው። ክንዳቸው እንዴት ቀሏል መሰለሽ።

ውጭ ወጥተን ቋሊማና ድንች ይዘን ተቀመጥን። ማዘን ሲገባኝ ደሜ ፈላ። «እርስዎ ዛሬ አልታይ ስላለዎት ከፋዎት» አልኳቸው። «እኔ ግን ጸደዩን በሙሉ እያየሁ እስታለሁ። ከኋላዬ ተቀምጠው አንድ ቃል አልነገሩኝም።» ብዙ አላመጡ። ከዚያ፣ «ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ማማ ጣትሽን ቀስሪ» አሉ። «ሁለት ዓይንሽን ክፍት አድርገሽ። አሁን ግራሽን ጨፍኚ።» ጨፈንኩ። ጣቴ ከማማው ዘልሎ የዳቦ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣ። «ዘለለ?» አሉ። ዘለለ አልኳቸው። «እንግዲያው የሚያነጣጥረው ግራ ዓይንሽ ነው። በማይሆነው በቀኝ ትከሻሽ ነበር ስትተኩሺ የከረምሽው።»

መቼ እንዳወቁ ጠየቅኋቸው። «የመጣሁ ቀን። ራስሽን ሰደፉ ላይ አሻግረሽ ስታጋድሚ ይህ ዓይኔም አይቶታል።»

ሊስቤት፣ ሳህኑን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ለምን አልነገሩኝም ስላቸው፣ «ካልነገርኩሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ ደግሞ ሰናፍጩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «አንቺ ግን አልተውሽውም» አሉ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፋቸው እንደማይወጣ ታውቂያለሽ።

አሁን እንግዲህ ሁሉም ከዜሮ ሆኗል። ግራ ጣቴ ደንቆሮ ነው፤ ግራ ክርኔ አይጸናም። አባባ ግን ማስተማር ጀምረዋል፤ ቤታችን ሰላም አጥቷል። ቁርስ ሳልበላ መጥረጊያ እንደ ጠመንጃ አስይዘው ወጥ ቤት ወለል ላይ ያስተኙኛል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ክርኔን በዱላቸው እየዳበሱ «ወደ ውስጥ! ትንፋሽሽስ? ማን ተንፍሺ አለሽ?» ይላሉ። ተኩስ ቤት ደግሞ እሳቸው ስለማያዩ እያንዳንዱ ጥይት የት እንደገባ መናገር አለብኝ። ወደ ቀኝ ዝቅ ብሏል ስላቸው፣ ጥይቷን ከቤታቸው ሰርቄ ያባከንኳት ያህል ይቆጣሉ። አንዳንዱ ግን ይገባል፤ ይህንንም ስነግራቸው «ድንገት ነው» ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀ። ፍሪዶሊን እኮ፣ «አባትሽ እኛን ሲያስተምሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም ነበር» ብሎኛል። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንዶቹንም እንዲህ ይሰድቧቸው ነበር?» አልኳቸው። አባባም፣ «የለም» አሉ፤ «እነሱ የሌላ ሰው ልጆች ነበሩ።»

ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። ተናድጄ ይሁን ሌላ ነገር ይሁን እኔም አላውቅም፣ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ተመልሼ ገብቼ ሰደፉን ከግራ ትከሻዬ አጣብቄ ምንጣፉ ላይ ተኛሁ።

ኢግናሲዮስን እጅግ አድርገሽ ሳሚልኝ። አማሊያን ጉንጯን ንከሺልኝ። አማትሽን ወይዘሮ ሬሜዲዮስን የላኩልኝን የሹራብ ክር ወድጄዋለሁ በያቸው። አባባም ሰላም ብለውሻል፤ «እሷስ በየትኛው ዓይኗ ነው የምታነጣጥረው?» ብለሽ ጠይቂያት ብለውኛል። የቤተ ክርስቲያን ማማ ፈልገሽ ሞክሪውና ጻፊላቸው።

እህትሽ ቬሬና
ሂንተርብሩክ፣ ግላሩስ
ጁን 27 ቀን 1993