የተጠጋጋው የክሊፎርድ ሻይ

ይድረስ ለተከበሩ ሚስተር ኔቪል ትሪምብል
የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ
ሃርካስል፣ ዮርክሸር

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሲያነቡት እርስዎ በሙሉ ጤንነት፣ ቢሮዎም ሞቅ ብሎ፣ የሻይ ኩባያዎም እስከ አፉ ሞልቶ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዊኒፍሬድ አክሮይድ ነኝ፤ ባለፈው መጋቢት እርስዎ ቤት ያረፈው የክሊፎርድ አክሮይድ ሚስት። «ያረፈው» የሚለውን ቃል የወሰድኩት ከላኩልኝ የሐዘን መግለጫ ካርድ ላይ ነው። እኔ ብሆን «የተጠማው» እል ነበር።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ባለቤቴ የሂሳብ መምህር እንደነበር ስለረሱልኝ አመሰግናለሁ። አገር ሁሉ ሊትር የሚባል አንፈልግም ብሎ ሲያኮርፍ፣ ለሃርካስል ልጆች ሊትርን ያስተማረ እሱ ነው። እኔ ወተቴን እንደለመድኩት በአሮጌው መስፈሪያችን፣ በፓይንት ጠርሙስ ከደጄ ሳነሳ፣ «ዊኒ፣ እስቲ አምስት መቶ ስልሳ ስምንት ሚሊሊትር ወተት አቀብዪኝ» እያለ አንዱን ፓይንቴን በሊትር ሰፍሮ ያበሽቀኝ ነበር። አምስት መቶ ብሎ ያጠጋጋ ተማሪ ግን ወዮለት። «ስልሳ ስምንቱን ማን ጠጣው?» ይልና ልጁ እስኪመልስ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።

2. ከዚያ መርሳት ጀመረው። መጀመሪያ የሄደው ያ የተሟገተለት ሊትር ነው፤ ቀጥሎ የልጆቻችን ስም፣ ቀጥሎ የእኔ። የቀረው ከእናቱ ኩሽና ይዞት የወጣው ፓይንት ብቻ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ ፓይንት ሻይ፣ ዘውድ በታተመበት ወፍራም ባለ እጀታ ብርጭቆ፣ እስከ አፉ። እርስዎ ዘንድ ሳስገባው አደራ ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። እርስዎም «ምን ችግር አለው ወይዘሮ አክሮይድ፣ ፓይንት ማለት ያው ግማሽ ሊትር አይደል» አሉኝ። ያ ፈገግታዎ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

3. በገዛ ብርጭቆው ላይ፣ አምስት መቶ ሚሊሊትር የሚደርስበት ቦታ ነጭ ፕላስተር ስላስለጠፉለት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሻዩ ፕላስተሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ክሊፎርድ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ ያየዋል፣ «ጎደሎ ነው» ይላል፣ ሳይቀምስ መልሶ ያስቀምጠዋል። ተንከባካቢዋ ዶሪን፣ ደግ ሴት ናት፣ «ጠጡ እንጂ ሚስተር አክሮይድ፣ ሻይ ያው ሻይ ነው» ትለዋለች። «ያው አይደለም» ይላታል። በመጠጥ መመዝገቢያ ሰንጠረዣችሁ ላይ «መጠጥ እምቢ ይላል፣ ይነጫነጫል» ተብሎ ተጻፈበት። እምቢ አላለም ክቡር ሆይ፤ ሙሉልኝ ነው ያለው። የጎደለው እኮ አንዲት ትንሽ ስኒ ናት። ቢሮዎ መጥቼ ስለምንዎት ሰንጠረዡ የሚሞላው በመቶ በመቶ ሚሊሊትር ስለሆነ ስልሳ ስምንት የሚገባበት ቦታ እንደሌለው በትዕግሥት አስረዱኝ።

4. ይህንን መጻፍ ይከብደኛል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሐኪሙም ካልጠጣ አይቆይም ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ዶሪን ፊቷን ወደ አልጋው አዙራ አንሶላ ስታነጥፍ (እንዳላየች ሆና ነው፣ እባክዎ አይቆጧት) ፕላስተሩን ላጥኩና ከማንቆርቆሪያው እስከ አፉ ሞላሁለት። ወደ መስኮቱ አነሳው። ብዙ አየው። ከዚያ ሳያስቀምጥ እስከ ሥሩ ጠጣውና አፉን በእጁ ጠረገ።

«ይሄ ሙሉ ነው፣ ዊኒ» አለኝ።

ስሜን ከጠራ ዓመት አልፎት ነበር። እዚያው ወንበሩ ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

5. በማግስቱ አዲስ ፕላስተር፣ ከፊተኛው ሰፋ ያለ፣ እንዲሁም በሩ ላይ «ቤተሰብ መጠጥ መጨመር አይችልም» የሚል ማስታወቂያ አገኘሁ። ስለ ጥንቃቄዎ እግዜር ይስጥልኝ። ክሊፎርድም ወደ ልማዱ ተመለሰ። ያነሳል፣ ያያል፣ ያስቀምጣል። ኋላ ማንሳቱም አቃተው፣ ዝም ብሎ ያየዋል። ስሜንም ድጋሚ አልጠራኝም።

ጊዜዎን እንዳልሻማ እዚህ ላይ አበቃለሁ። አንድ ፓይንት ሙሉ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በእርስዎ ቤት ሲሰፈር ግማሽ ሊትር ስለሚሆን፣ ትርፉ እኔ ዘንድ ይቀመጥልዎታል።

እስከ ፕላስተሩ ድረስ የማከብርዎ
ዊኒፍሬድ አክሮይድ

ግልባጭ፦ ለዶሪን፣ ከልብ ምስጋና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የክሊፎርድ አስከሬን ተቃጥሎ አመዱ የተቀመጠበት ዕቃ ሥሩ ላይ «ሦስት ሊትር ከአራት መቶ ሚሊሊትር» ይላል። እሱ ባስተማረኝ መንገድ ወደ ፓይንት ለወጥኩት። ስድስት ፓይንት ሊሆን ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ይጎድለዋል። እርስዎ ቢሆኑ ስድስት ብለው ያልፉት ነበር። እኔ ግን ማንም በሌለበት ኩሽና ውስጥ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ «ጎደሎ ነው» አልኩለት። እሱም ከእናንተ የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ጎደሎ ነው ሲል፣ አዎ ጎደሎ ነው የሚለው ሰው።