የባሌን አባት ስም የጠራሁ ቀን

ነጂባ ተረፈች! ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ!

ወንድሜ ሀይደር፣ ሰላምታው ይቅደም ብዬ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይ? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት አደረጋችሁ? በስልክ እንዳልነግርህ እንባዬ እየቀደመኝ ተቸገርኩ፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን እኔ ዘንድ ልትወልድ መጥታ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቤት ውስጥ ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። ባለቤቴ ሀሰን ሆሳዕና ገበያ ሄዷል፤ ያለነው እኔና እናቱ ብቻ ነን። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ አምቡላንስ ጠራሁ። ስልኩን ያነሳው ሰውዬ የማን ቤት ነው አለኝ። ቤታችን የሚታወቀው በሟቹ በሀሰን አባት ስም ነው፤ እኛ ምራቶች ደግሞ የባላችንን አባት ስም እንደማንጠራ ታውቃለህ። ሃያ ስድስት ዓመት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ቀበሌያችንን ነግሬው፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ፣ ሰማያዊ በር፣ ደጁ ላይ ዋንዛ ያለው አልኩት። እትዬ፣ ስም ንገሪኝ እንጂ ዛፍ አልጠየቅኩሽም ብሎ ዘጋብኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ደግሞ ዘጋው።

መኪናውን ለካ ልኮታል፤ ሾፌሩ ግን ወፍጮ ቤት የሚባል ነገር አልተነገረውም፤ የቀበሌውን ስም ብቻ ይዞ ታች ትምህርት ቤቱ ጋ ሲዞር የመኪናው ጩኸት ይሰማኛል። ሮጬ እንዳልወርድ ልጄን ለአሮጊቷ ጥዬ የት እሄዳለሁ? አማቴም የባሏን ስም አትጠራም፤ ነጂባ የአያቷን ስም መጥራት ትችል ነበር፤ ግን ራሷን ስታለች። በሦስተኛው ጥሪ የፈትሁዲን ቤት! የፈትሁዲን! ብዬ ጮህኩ። ይኸው አሁንም ጻፍኩት። መኪናው ሲደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ጵርስቅላ የአምቡላንሱን ወረቀት ስታነብ ሰማሁ፤ የዘገየው ደዋይዋ አድራሻ ለመናገር ፈቃደኛ ባለመሆኗ ነው ይላል። ውሸት ነው እንዳልል ስሙን ደብቄያለሁ፤ እውነት ነው እንዳልል ወፍጮ ቤቱንም በሩንም ነግሬያለሁ። ሁለቴ የተዘጋብኝስ የታለ? ይጻፍልኝ አልኳት። ቦታ የለውም አለች። ለመኪናው ኪሎ ሜትር ቦታ ካለው ለእኔ ጠፋ ወይ ስላት ሳቀች፤ ሳቋ ግን አላበረደኝም። ስልኬን አውጥቼ ሦስቱንም ጥሪ ከነሰዓቱ አሳየኋት። ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው ጻፈችልኝ፤ ፈረመችበትም። ማን ገልብጦ እንደሚያነበው እንጃ።

የሀሰን እናት ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። ሙት በስልክ ይጠራል ወይ፣ እሷ ከደፈረች ነገ የሰፈሩ ምራት ሁሉ ይጠራዋል ብላለች አሉ። ሕፃኑን ታቅፋ ለእኔ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። እናቱ በምን እንደተረፈችለት ረሳችው? እኔን የሚቆጨኝ መጥራቴ አይደለም፤ ያን ሁሉ ሰዓት መቆየቴ ነው።

ሃቢባን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ። ሀምዛን ትምህርቱን እንዲበረታ ንገረው፤ ትንሿን ሂክማን ጉንጯን ሳምልኝ። ነጂባ ቆማ እንድትራመድ ብለን የሕፃኑን የአቂቃ እርድና ድግስ አዘግይተነዋል። ያኮረፈም ያላኮረፈም ይመጣል፤ አንተም ሥራ በዛብኝ እንዳትለኝ፣ ሁላችሁንም ይዘህ ና። ቀኑ ጥር 24፣ ቅዳሜ ነው።

እህትህ ሰፊያ
ሆመቾ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.